የአስናቀ ቅንድብ

ደብረ ታቦር ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ ሁሉ ሰው ሲጭን ወሬ ይደርባል፤ አስናቀ ግን ወሬ ሲጭን ሰው የሚደርብ ነበር። ከመናኸሪያው እስከ ሆስፒታሉ ባለችው አቀበት ብቻ የአንድ ቀበሌን ጋብቻ፣ ፍቺና ኩርፊያ አንድ ሳያስቀር ይሰበስባል። ተሳፋሪ «ወራጅ አለ» ሲለው ወሬው ካላለቀ አያቆምም። «ምን አስቸኮለህ፣ ጨርሰህ ትወርዳለህ» ይላል። ከቤቱ አሳልፎ የወሰደው ሰው ቢቆጣ በነጻ ይመልሰዋል፤ ለመመለሻው ደግሞ ሌላ ወሬ አይጠፋም።

የተገለበጠውም በዚሁ ጠባዩ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ግድም፣ ከእብናት የመጡ ሁለት ሴቶች ከኋላው ተሳፍረው በሠርጉ ማግስት ስለጠፋ አንድ ሙሽራ ያወራሉ። ሙሽራው የት እንደተገኘ ሊነገር ሲል አስናቀ መንገዱን ትቶ ፊቱን ወደ ወሬው አዞረ። ባጃጇ ከነሙሽራው ታሪክ ቦይ ገባች። ሴቶቹ ጭቃቸውን አራግፈው ተነሡ፤ አስናቀ ግን አንገቱ ላይ ክፉኛ ተመታና እጅና እግሩ አልታዘዝ አሉት። ሆስፒታል ውስጥ ዓይኑን ሲገልጥ ከሴቶቹ አንዷ አጠገቡ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል፣

«ከዚያስ?» የሚል ነበር።

ሴትዮዋ እንባዋን እየጠረገች ነገረችው። ሙሽራው ለካ ድካም ጥሎት አጎቱ ቤት ተኝቶ ኖሯል።

«በዚህ ወሬ ነው አንገቴን የሰበርኩት?» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያስታመሙት ሰዎች እንደሚሉት ያን ቀን ያዘነው ለአንገቱ ሳይሆን ለወሬው ቅለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያልተሞከረ ነገር የለም። ወንዛዬ ፍል ውሃ ወስደው ሦስት ሳምንት ነከሩት። እግሩ አልተነሣም፤ የአምስት ወረዳ ወሬ ግን ይዞ ተመለሰ። አሁን የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ከብዙነሽ ጋር ነው። ብዙነሽ ባሏ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት የሆናት፣ በራፏ ላይ ልብስ የምትሰፋ፣ ከመርፌዋ ይልቅ ዝምታዋ የሚወጋ ሴት ናት። ጠዋት ጠዋት ወንድሟን በተሽከርካሪ ወንበሩ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጋ ታስቀምጠዋለች።

ከአንገቱ በላይ ያለው ሁሉ እንደ ድሮው ሥራ ላይ ነው። ከሁሉም ከሁሉም ቅንድቡ! ጥቁር፣ ወፍራም፣ ዝናም ሊጥል የተዘጋጀ ደመና የመሰለ። በእኛ አገር «አዎ» ለማለት አፍ መክፈት አያስፈልግም፤ ቅንድብን ብድግ ማድረግ ይበቃል። የአስናቀ ቅንድብ ግን «አዎ» ብቻ ብሎ አይመለስም። «ሰማሁ፣ ወይ ጉድ፣ ቀጥል፣ እንዳታቆም» ይላል፤ ያውም በአንድ ጊዜ።

የጎደለው ነገር ቢኖር ሰው ነው። ሰው ይመጣል፤ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይመጣል። «አይዞህ»፣ «እግዜር ይማርህ»፣ «ሁሉም ለበጎ ነው» ብሎ ሻይውን ጠጥቶ ይሄዳል። በታማሚ ፊት ወሬ አይወራም ያለውን ሰው አስናቀ ቢያገኘው አንድ የሚለው ነበረው። የማይሾፍበት፣ የማይታማበት፣ የማይሰደብ ሰው ሆኖ ቀረ። ቀስ በቀስ ቅዱስ ሥዕል እያደረጉት እንደሆነ ገባው፤ ቅዱስ ሥዕል ደግሞ ወሬ የሚነግረው የለም።

አንድ ሰው ብቻ አልተለወጠም፤ ደረጄ። ደረጄ እኩያው ነው። ከመናኸሪያው በታች ሁለት ቴሌቪዥን ያላት ጌም ቤት አለችው። አርባ ዓመት ሞልቶት አላገባም፤ ያላገባበትን ምክንያት ከተማው በአሥር ዓይነት ያወራል፣ አራቱን አስናቀ ነው የፈጠራቸው። አደጋው ሳይደርስ በፊት በየእሑዱ በጌም ኳስ ይገጥማሉ። ደረጄ ሲያሸንፍ የጨዋ ልጅ ነው። ሲሸነፍ ግን ስድቡን ከሰባት ትውልድ ጀምሮ ያወርደዋል፤ ሰው የሚሰበሰበውም ኳሱን ሳይሆን ያንን ለመስማት ነበር።

ሆስፒታል ድረስ መጥቶ የአስናቀን አልጋ ከእግር እስከ ራስ ቃኘና እንዲህ ብሎት ነበር፤ «አንተ የጉና ድንች! ሰው መሞት ከፈለገ ስንት ገደል በሞላበት አገር፣ አንተ የክረምት ቦይ ትመርጣለህ? ቦዩ ራሱ አፍሮብሃል።» ነርሷ በድንጋጤ መድኃኒቱን ልትጥል ደረሰች። አስናቀ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንዲሁ ቀጠለ። ደረጄ ይመጣል፣ ይሰድባል፣ ይሄዳል፤ አስናቀም ጤና ይሰማዋል። ባለፈው ፋሲካ ማግስት ግን ደረጄ ብርቱካን በፌስታል ይዞ፣ ኮፍያውን አውልቆ ገባ። ጉልበቱን ገጥሞ ተቀመጠ።

«ወንድሜ አስናቀ፣ እንዴት ሰነበትክ?»

አስናቀ ይህ ሰላምታ ለማን እንደተላከ ለማወቅ ዓይኑን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሰደደ። «ማን ሞተ?» አለ።

«ኧረ ማንም አልሞተ ወንድሜ። ሕመሙ እንዴት ይዞሃል?»

ከዚያ ቀን በኋላ «ወንድሜ» ብቻ ሆነ። አንድ ሰሞን ብርቱካን፣ አንድ ሰሞን ማር፣ አንዴ ደግሞ ከአንበሳሜ ገበያ ለጋ ቅቤ። ስድብ ግን ጠብ አላለም።

«እትዬ፣ ደረጄም ተስፋ ቆረጠብኝ» አላት እህቱን።

«ምነው?»

«ወንድሜ አለኛ! ሰው ሊሞት ሲል ነው እንዲህ የሚከበረው።»

ብዙነሽ የስፌት መኪናዋን ፔዳል ረገጠች፤ በኃይል ስለረገጠችው ክሩ ተበጠሰ። እሷም አዝናለች ማለት ነው ብሎ አሰበ አስናቀ።

ይህ በሆነ በወሩ የብዙነሽ ልጅ ማህሌት አንድ ጥቁር ነገር ታቅፋ መጣች። ማህሌት ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተምራ ልትጨርስ ነው።

«ጋሼ፣ ጭንቅላትዎን ለመመረቂያ ሥራዬ ያውሱኝ» አለችው።

«ባዶውን ነው ወይስ ከነወሬው?»

«ከነወሬው።»

ያመጣችው ግንባር ላይ የሚታሰር መቀነት የመሰለ ነገር ነበር። በውስጡ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉ የሚያብረቀርቁ ክቦች ተደርድረዋል፤ ከኋላው ሽቦ ወደ ላፕቶፗ ይሄዳል። አንጎል ሲሠራ፣ የፊት ጡንቻም ሲንቀሳቀስ እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ እንደሚያወጣ፣ መቀነቱ ያንን እንደሚለቅም፣ ኮምፒውተሩም ወደ ትእዛዝ እንደሚቀይረው አስረዳችው። በዚያ የሚታዘዝ የኳስ ጌም ሠርታለች፤ አንድ ለአንድ የሚገጥሙበት። በግራ መንጋጋ ሲነክሱ ተጫዋቹ ወደ ግራ ይሄዳል፣ በቀኝ ሲነክሱ ወደ ቀኝ። ቅንድብ ብድግ ሲል ኳሱን ይመታል። ሩጫው ግን ከአንጎል ሞገድ ነው፤ ሐሳብ ሲሰበሰብ ተጫዋቹ ይሮጣል፣ ሐሳብ ሲበተን ቆሞ ይቀራል።

አስናቀ ሁሉንም ሰምቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። «ሌላው ሰው በእጁ መግጠም ይችላል?»

«አዎ፣ በጆይስቲክ።»

«ደረጄም?»

«ጋሼ ደረጄም።»

ነገሩ በዚያችው ቅጽበት ተቆረጠ። ደረጄ ተሸንፎ ጨዋ የሆነበት ቀን የለም። ስለዚህ ደረጄን ማሸነፍ ነው፤ የቀረውን ስድቡ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ሙከራ ቀን ማህሌት መቀነቱን አስራ ኮምፒውተሩን ብታይ መስመሩ ሁሉ ቀጥ ብሎ ተኝቷል። ሽቦውን ነቀለች፣ ሰካች። ያው ነው።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ እንደሚለው ከሆነ እርስዎ የሉም።»

«ሞቻለሁ?»

«ምንም የሚሰማዎ ነገር የለም?»

«ከግንባሬ አንድ ነገር እየወረደ ነው። ደግሞ የምግብ ሽታ ይሸተኛል፤ በዚህ በሰኔ ጾም ፈተና ሆኖብኛል።»

ማህሌት ጎንበስ ብላ አሸተተች። «እማዬ!» ብላ ጮኸች።

ብዙነሽ የወንድሟ አንጎል ከኤሌክትሪክ ጋር ሊገናኝ መሆኑን የሰማች ቀን እንቅልፍ አልወሰዳትም ነበር። ሳይነጋ ተነሥታ ያን ደረጄ ያመጣውን የአንበሳሜ ቅቤ መሐል አናቱ ላይ ቁልል አድርጋ ቀብታዋለች፤ አንጎሉ እንዳይደርቅ።

«እማዬ፣ ቅቤ እኮ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም!»

«እሱን ብዬ አይደል የቀባሁት!»

ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበ፤ ግንባሩን ጨው በበዛበት ውሃ አበሱት። መስመሩም ተነሥቶ ይንቀጠቀጥ ጀመር። «እነሆ ተነሣሁ» አለ አስናቀ።

መንጋጋው አላስቸገረም፤ ዕድሜውን ቆሎ ሲቆረጥም የኖረ መንጋጋ ነው። ቅንድቡ ግን አልገራ አለ። በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ «አስናቀ ደኅና ነህ?» ይለዋል፤ ቅንድቡ «ደኅና» ብሎ ብድግ ሲል ተጫዋቹ ኳሷን ወደ ሰማይ ይጠልዛታል። ሩጫውማ አይነሣ። ማህሌት «ሐሳብዎን ይሰብስቡ» ስትለው ሐሳቡ ከመናኸሪያ ተነሥቶ ቀበሌውን ሁሉ ያዳርሳል፤ ተጫዋቹ ሜዳ መሐል እንደ ስልክ እንጨት ይገተራል።

በዚህ መሐል ሐሳብ የሚያነብ መሣሪያ መጣ ተብሎ ተወራና፣ ነገሩን ለማጣራት ጎረቤታቸው የኔታ ይሻው መጡ። የኔታ ከደብሩ ግቢ ቅኔ ያስተምራሉ። ዱላቸውን ተመርኩዘው ከበራፉ ቆሙ፤ አልቀረቡም።

«እውነት ሐሳብ ያነባል?»

«የለም የኔታ» አለች ማህሌት። «ተሰብስቧል፣ ተበትኗል፤ ይኸን ብቻ ነው የሚለው።»

«እሱንማ እኔም ከተማሪዬ ዓይን አነበዋለሁ» አሉና ተረጋግተው ገቡ። የአስናቀን ችግር ሲሰሙ ጺማቸውን ዳበሱ። «ተማሪ ቅኔ ሲቆጥር ሐሳቡን ላባርር ቢል ይብስበታል። የሚወደውን አንድ ነገር ይሰጠዋል፤ ሐሳቡም ያንን ሲያመነዥክ ሌላውን ይተወዋል። ያንተ ሐሳብ ምን ይወዳል?»

አስናቀ እውነቱን ለመናገር አፈረ። «ኧረ የኔታ፣ ምንም።»

«አይዞህ፣ ይገኛል» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔም ዛሬ ሐሳቤ ተበትኖ ነው የዋለው፤ ያ የደብሩ ገበዝ ትናንት ምን እንዳለኝ ብነግርህ...»

«ያቁሙ! እንዳያቆሙ!» አለች ማህሌት፤ ምን እንደምትል ጠፍቷት። በኮምፒውተሩ ጥግ ሐሳብ መሰብሰቡን የምታሳየው ቀይ መስመር አረንጓዴ ሆና እስከ ጫፍ ወጥታለች። ስልክ እንጨቱ ተጫዋች ኳሷን ይዞ ሜዳውን እየሰነጠቀ ይበራል። «ይቀጥሉ የኔታ! ገበዙ ምን አሉ?»

«ሐሜት እኮ ኃጢአት ነው፣ ልጄ።»

«ለትምህርት ነው የኔታ!»

«እንግዲያውስ ስሙን አልጠራም» አሉና ጀመሩ። ወሬው ቁም ነገሩ ላይ ሲደርስ የአስናቀ ቅንድብ ብድግ አለ፤ ኳሷም መረብ ውስጥ ገባች። ብዙነሽ መርፌዋን ጥላ እልል አለች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እልልታዋን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር። ማህሌት ተንኮለኛ ናት፤ በስልኳ ቀድታ ያዘችውና ጎል በገባ ቁጥር ከኮምፒውተሩ እንዲሰማ አደረገችው።

ከዚያ በኋላ ልምምዱ አንድ ብቻ ሆነ፤ ወሬ እየሰሙ ቅንድብን አለማንሣት። ይህ በሐምሌ ብርድ ከምድጃ ዳር ተቀምጦ እጅን አለመዘርጋት ማለት ነው። የኔታ በየማታው ከጸሎት በፊት እየመጡ ስም የሌለው ወሬ ያወሩለታል፤ አስናቀ ያልበዋል፣ ቅንድቡ ይርገበገባል፣ ተጫዋቹ ይሮጣል።

ጾሙ እንደተፈታ በመጀመሪያው እሑድ፣ ዝናቡ የደረጄን ጌም ቤት ቆርቆሮ እየደበደበ፣ አስናቀን ከነወንበሩ ለአራት ተሸክመው አስገቡት። ቤቷ ጢም ብላለች። ደረጄ በሩ ድረስ ወጥቶ ተቀበለው።

«እንኳን ደኅና መጣህ ወንድሜ። ቀስ ብለን እንጫወታለን።»

«ቀስ ያድርግህ» አለ አስናቀ በጥርሱ መሐል። ማህሌት መቀነቱን አስራ ላፕቶፗን ከቴሌቪዥኑ ስታገናኝም ጥርሱን እንደነከሰ ስለነበር ተጫዋቹ ወዲያና ወዲህ ተንገላታ።

ጨዋታው ተጀመረ። አስናቀ አንዴ መታ፤ ኳሷ እንደ ኤሊ እየተንፏቀቀች ሄደች። የደረጄ ተጫዋች ቆሞ አሳለፋት። ከኮምፒውተሩ የብዙነሽ እልልታ ተሰማ፤ ከቤቱ ግን አንድም ያጨበጨበ የለም።

«አሳለፍካት!» አለ አስናቀ።

«አመለጠችኝ ወንድሜ።»

«ማህሌት፣ ይኸን ነገር ፍቺልኝ! እኔ ምጽዋት ልቀበል አልመጣሁም! የደብሩ በር ላይ አስቀምጡኝና እዚያ ይስጠኝ!»

«ደረጄ፣ በሥርዓት ተጫወት እንጂ!» ብሎ ሰው ጮኸ። ደረጄ ቀላ። ኮፍያውን አዞረና ቁጭ አለ። በሥርዓት ሲጫወት ሁለት ጎል በሦስት ደቂቃ ውስጥ አስቆጠረ። አስናቀ ተጫዋቹ አልሮጥ ብሎት ላብ አጠመቀው፤ ልቡ ግን ደስ ይላት ጀመር።

ከዚያ ደረጄ ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን ተንኮል አመጣ።

«ሰማህ? እቴነሽና አማቷ ታረቁ አሉ።»

ቅንድቡ ብድግ! ኳሷ ወደ ውጪ። ሰው በሳቅ ፈነዳ።

«አንተ ሌባ!» አለ አስናቀ፤ ዓይኑ በደስታ እየበራ። «ይኸን ይኸን ነው የምፈልገው!»

«ሞገስም ባጃጁን ሸጠ።»

«ያዋጁን በጆሮ! እሱንማ ገዢው ሳይሰማ እኔ ሰምቻለሁ!» ቅንድቡ ንቅንቅ አላለም።

«ደግሞ ለምን እንደሸጠ ታውቃለህ?»

ይህ አዲስ ነበር። አስናቀ ቅንድቡን የኔታ እንዳስተማሩት ሰንጎ ያዘ፤ ሐሳቡ ግን ተሰበሰበ። መስመሯ አረንጓዴ ሆነች፣ ተጫዋቹ ተፈተለከ። ደረጄ ወሬውን ሲጨርስ ኳሷ ጎሉ ፊት ነበረች። ያን ጊዜ ቅንድቡን ለቀቀው። ሁለት ለሁለት!

ደረጄ አሁን ገባው። ወሬው ለቅንድቡ ወጥመድ ሲሆን ለሩጫው ነዳጅ ነው። አፉን ዘጋ። ወሬ ሲቋረጥ የአስናቀ ተጫዋች እየዘገመ፣ እየዘገመ ቆመ። ሰዓቷ አንድ ደቂቃ ብቻ ቀርቷታል። የደረጄ ተጫዋች ኳሷን እየገፋ ይመጣል።

አስናቀ ዙሪያውን አየ። የሚነግረው የለም። ለራሱ የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ከፋሲካ ጀምሮ ሲያንገበግበው የኖረ።

«ደረጄ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለምንድን ነው ወንድሜ የምትለኝ?»

የደረጄ አውራ ጣት አዳለጠው። ኳሷ ሾልካ ወደ አስናቀ ተጫዋች ተንከባለለች። 

«ልንገርህ?» አለ ደረጄ።

«ንገረኝ።» መስመሯ አረንጓዴ ሆነች።

«አትቆጣም?»

ተጫዋቹ መሐል ሜዳን አለፈ።

«አልቆጣም፣ ተናገር!»

«እዚህ ሰው ፊት?»

ተጫዋቹ እንዲህ ሮጦ አያውቅም። ቤት ሙሉ ሰው ትንፋሹን ዋጠ፤ አስናቀ ልብ አላለም እንጂ የሁሉም ዓይን ያረፈው በቴሌቪዥኑ ሳይሆን በእሱ ቅንድብ ላይ ነበር።

«ሽማግሌ ልልክብህ ነው» አለ ደረጄ አንገቱን ደፍቶ። «ለብዙነሽ።»

ያ ቅንድብ ከተፈጠረ ጀምሮ እንደዚያ ተነሥቶ አያውቅም። ከመቀነቱ ሾልኮ ፀጉሩ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው። ኳሷ የጎሉን ማዕዘን ሰብራ ገባች፤ «እልልልል!» አለች ብዙነሽ ከኮምፒውተሩ ውስጥ፣ ስሟ ገና ከደረጄ አፍ ሳይወርድ።

ቤቱ ተናጋ። ሰው በሰው ላይ ወደቀ። አስናቀ ግን አንድ ነገር ይጠብቅ ነበር። ደረጄ ተሸንፏል። ጆይስቲኩን አስቀመጠ፣ ተነሣ፣ አፉን ከፈተ። ሰው ሁሉ ስድቡን ሊሰማ ተጠጋ። ደረጄ አፉን መልሶ ገጠመ፤ ኮፍያውን ጨብጦ ዝናቡ ውስጥ ሮጠ።

«አልሰደበኝም!» አለ አስናቀ። «አሸንፌው ሳይሰድበኝ ሄደ!»

«እንዴት ብሎ ይስደብህ፣ የሚያገባት እህትህን!» አለው አንዱ። «ከፋሲካ ጀምሮ ከተማው ሁሉ ሲያወራው አልሰማህም?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የደብረ ታቦርን ወሬ ሁሉ በቅንድቡ የሚያስገባ ሰው፣ በገዛ ቤቱ፣ በስፌት መኪናዋና በወንበሩ መሐል ያለፈውን አልሰማም። ብርቱካኑ፣ ማሩ፣ የተበጠሰው ክር፣ ኧረ አናቱ ላይ የቀለጠው ቅቤ ጭምር! ቤት ሲደርስ ገና በራፉ ላይ፣

«እትዬ!» ብሎ ጮኸ። «እንዴት አትነግሪኝም?»

ብዙነሽ ቀና አላለችም። «ለአንተ ከነገርኩ ከተማው ይሰማል ብዬ።»

«ከተማውማ ሰምቶ የለ!»

«እኮ! ሁሉ ከሰማ በኋላ ደግሞ ምን ብዬ ልንገርህ? ያዋጁን በጆሮ?» መኪናዋን አቆመች። «ስማ አስኔ። አንተን ትቼ የትም አልሄድም፤ ለእሱም ነግሬዋለሁ። የሚመጣው እሱ ነው፣ ወደዚህ። አንተ እንቢ ካልክም እተወዋለሁ። ግን...»

«ግን ምን?»

«ግን እንቢ አትበል።»

አስናቀ እህቱን አያት። ፊቷ አዲስ እንደታጨች ልጃገረድ ቀልቶ ነበር። እንቢ ሊላት አልነበረም። ግን ሽማግሌ ሲመጣ ወዲያው እሺ አይባልም፤ ወግ ነው፣ ያመላልሳሉ። አስናቀም ይህን ወግ በቅጡ ሊያጣጥመው ቆረጠ። ሦስት ጊዜ! ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሳያመላልሰው! ሦስት ወር ሙሉ ስድብ ያስራበው ሰው አይደለም እንዴ?

ሽማግሌዎቹ በሁለተኛው እሑድ መጡ፤ ሦስት ናቸው፣ መሪያቸው የኔታ ይሻው። ጋቢያቸውን አጣፍተው በራፉ ላይ ቆሙ። «ግቡ፣ ተቀመጡ» ቢባሉ እንደ ወጉ እንቢ አሉ። ብዙነሽ ከመጋረጃው ጀርባ ናት። ማህሌት የእናቷን እጅ ይዛለች።

«የመጣንበት ጉዳይ ካልተሰማ አንቀመጥም» አሉ የኔታ። «ልጃችን ደረጄን ልጅ አድርጋችሁ ተቀበሉልን፤ ብዙነሽን ስጡን።»

አስናቀ ፊቱን ድንጋይ አስመስሎ ጠበቀ። ቅንድቡ እንደ ታሰረ በሬ ጸጥ ብሏል። ይህን ያስተማሩት ራሳቸው የኔታ ናቸው፤ ይቅመሷት!

«ነገሩ ከባድ ነው አባቶቼ» አለ። «ዘመድ ይምከርበት። ለሳምንት ተመለሱ።»

«መልካም» አሉ የኔታ፤ ምንም አልከፋቸውም። ጓደኞቻቸውን ጠቀሱና ዞሩ። ሁለት እርምጃ እንደሄዱ ቆም አሉ። «ቅድም ደረጄ ከአጥሩ ጥግ ሆኖ ያለኝን ልነግርህ ነበር። ይሁን፣ ለሳምንት።»

«ምን አለ?»

«ለሳምንት ይደርሳል ልጄ።»

«የኔታ! እባክዎ ይንገሩኝ!»

የኔታ ዱላቸውን ተመርኩዘው ዞሩ። ዓይናቸው እየሳቀ ነው። «‘ሽማግሌ ልኬ አማቼን ድንች ብለው ነውር ይሆንብኛል ብዬ ነው የታገሥኩት። እሺ ካለኝ ግን የሚስቴ ወንድም፣ ዋርሳዬ ነው፣ እንደ ድሮው እሰድበዋለሁ። የሦስት ወር ቋጥሬያለሁ፤ ሆዴን ሊያፈነዳኝ ነው’ ነው ያለኝ።»

አስናቀ ታገለ። በእውነት ታገለ። ጥርሱን ነከሰ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ቅንድቡ ግን የማንም አይደለም፤ ብድግ ብሎ እላይ ቆመ።

«አያችሁ?» አሉ የኔታ ለሁለቱ ሽማግሌዎች። «በአገራችን ቅንድብ ከተነሣ ቃል ነው። ፈቅዷል። እንቀመጥ።» ተቀመጡም።

ከመጋረጃው ጀርባ እልልታ ወጣ። ማህሌት ላፕቶፗን አልከፈተችም ነበር፤ ይህኛው ከብዙነሽ ጉሮሮ በቀጥታ የመጣ ነው። እልልታው ገና ሳይበርድ ከአጥሩ ወዲያ አንድ ድምፅ እንደ ሐምሌ ጎርፍ ግድቡን ጥሶ መጣ።

«አንተ የጉና ድንች! ብርድ የመታህ፣ የተቀቀልክ፣ ገበያ ወጥተህ ሳትሸጥ የተመለስክ! በቅንድብህ ጎል አግብተህ ሰው የሆንክ መሰለህ? ያ ቅንድብ እኮ ሁለት ወንድማማች አባ ጨጓሬ ነው፤ ርስት ተካፍለው ግንባርህ ላይ የሠፈሩ! ባጃጅህ እንኳ ከአንተ ሽሽት ነው ቦይ የገባችው! እናትህ አንተን ስትወልድ አዋላጇ...»

እዚህ ላይ ደረጄ ትንፋሽ ሊስብ ቆመ።

አስናቀ አንገቱን ወደ ወንበሩ ደገፍ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩ እስከ ጆሮው ተሰንጥቆ ያዳምጥ ነበር። ዝምታው ሲረዝምበት ቅንድቡን ብድግ አደረገና ወደ አጥሩ በሙሉ ድምፁ ጮኸ፤

«ከዚያስ?»